ጎማ ለቸርኬ ጋሻነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ መነሻነት የቀረበ የሕዝብ ንግግር



ስለ ጎማ ንግግር ይደረጋል ሲባል ፈገግ ያላችሁ እንደምትኖሩ አልጠራጠርም። በምሕንድስና ትምህርታችን ውስጥ ክብሩ የሚሰጠው ለሞተሩ፣ ለማርሹ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለባትሪው ነው። ጎማ ሲያልቅ የሚቀየር፣ ሲፈነዳ የሚረገም ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪ መሬትን የሚነካው በጎማው ብቻ ነው። የአንድ የቤት አውቶሞቢል አራት ጎማዎች መሬት የሚነኩበት ስፋት ቢደመር ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ገጽ ብዙም አይበልጥም። ሹፌሩ የሚነዳውም፣ ፍሬኑ የሚይዘውም፣ የመንገዱ ዱላ የሚያርፈውም በዚያች ገጽ ላይ ነው።

የዛሬው ጥያቄዬ ጠባብ ነው። ጎማ ቸርኬን ከጉዳት የሚጠብቀው እንዴት ነው? አቅሙስ የት ላይ ያበቃል? በአነጋገራችን «ጎማ» ስንል አንዳንዴ ላስቲኩን ብቻ፣ አንዳንዴ ላስቲኩንና ብረቱን አንድ ላይ ማለታችን ስለሆነ ቃላቱን አስቀድሜ ልለይ። ጎማ ስል ላስቲኩን፣ ቸርኬ ስል ጎማው የሚታሰርበትን የብረት ወይም የአሉሚኒየም አካል፣ መንኰራኵር ስል ሁለቱን በአንድነት ማለቴ ነው። የቸርኬው ከንፈር የምለው ደግሞ ጎማውን ከጎን ይዞ የሚያስቀረውን፣ ወደ ውጭ ብቅ ያለውን ጠርዝ ነው። በነገራችን ላይ ቸርኬም፣ ጎሚስታም፣ ክሪክም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው። ሙያው ከነቃሉ ስለመጣ፣ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፍ ከምናነበው እንግሊዝኛ ይልቅ የጎሚስታው ቋንቋ ለነገሩ የቀረበ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ምሳሌዬን የምወስደው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ከደረሰ በኋላ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ያቀናል። ሁለተኛው ከጮቄ ተራራ በስተምሥራቅ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የቢቸና ዙሪያ ሜዳ የታወቀ የጤፍ አገር ነው፤ ለጤፉ የተመቸው ዋልካ አፈር ግን ለመንገድ መሐንዲስ ፈተና ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ከላዩ የተነጠፈ አስፋልት ከሥሩ ያለው አፈር ሲነሣና ሲወርድ መጀመሪያ በጠርዙ በኩል ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ ውኃው መሠረቱን ያለሰልሳል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ቁራሹ ተነቅሎ ጉድጓድ ይሆናል። በጠጠር መንገድ ላይ ያለው ድንጋይ ደግሞ በአብዛኛው ባዛልት ነውና፣ ሲፈለጥ ጠርዙ እንደ ቢላዋ ይሳላል። ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ውኃ ስለሚሞላ ሹፌሩ ጥልቀቱን አይቶ የመወሰን ዕድል እንኳ የለውም።

አሁን መንኰራኵሩ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ የሚሆነውን እንመልከት። በሹፌሮች ዘንድ የቆየ ክርክር አለ፤ አንዳንዶች ጉድጓድን በፍጥነት ማለፍ ይሻላል ይላሉ። ነገሩ ከመሠረቱ ስሕተት አይደለም፤ ስለዚህ በቁጥር እንፈትሸው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢታለፍ መንኰራኵሩ በባዶው ላይ የሚቆየው ለ0.036 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሱ ክብደት ብቻ ቢወድቅ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር የሚወርደው። ነገር ግን ከላይ የታመቀው ሞላ ወደ ታች ይገፋዋል። የመንኰራኵሩንና አብረውት የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች ክብደት 35 ኪሎ ግራም፣ የሞላውን ግፊት 3000 ኒውተን አድርገን ብንገምት መንኰራኵሩ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን ጊዜው እጥፍ ስለሚሆን ለመውረድ የሚችለው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ማለትም የጉድጓዱን ወለል ይነካል። እስከዚህ ድረስ ባለ ፍጥነቱ ሹፌር ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ ቸርኬን የሚሰብረው መውረዱ ሳይሆን የመውጫው ጠርዝ ነው። ጉድጓዱ 8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ራዲየሱ 317 ሚሊ ሜትር የሆነ መንኰራኵር 6 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ጠርዙን ሲመታ፣ ከፍጥነቱ 60 በመቶ ያህሉ በቀጥታ ወደ ጠርዙ ያነጣጥራል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የነበረው ሹፌር በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድንጋይ መታ ማለት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የነበረው ግን እስከ ወለሉ ወርዶም እንኳ ጠርዙን የሚያገኘው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው። ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚሄድ ፈጣኑ ሹፌር ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ዱላ ይቀበላል። ተሳፋሪው ግን በተቃራኒው ሊሰማው ይችላል፤ ምክንያቱም ፈጣኑ ምት ወደ መቀመጫው ሳይደርስ በጎማና በቸርኬ ላይ ያልቃል። «ምንም አልሆነም» ብሎ የሚቀጥለው ሹፌር ከንፈሩ የተቆለመመ ቸርኬ ይዞ ይሄዳል።

በዚያች ቅጽበት በጠርዙና በቸርኬው መካከል ያለው ጎማው ብቻ ነው። ጎማው ይታጠፋል፣ ይጨመቃል፣ ጉልበቱንም በታመቀ አየርና በተለጠጠ ክር መልክ ያስቀምጣል። የሚጨመቅበት ቦታ ካለቀ ግን የጎማው ጎን በመንገዱ ጠርዝና በቸርኬው ከንፈር መካከል እንደ ብረት በመዶሻና በሰንዳል መካከል ይያዛል። ከዚህ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ በጎማው ጎን ውስጥ ያለው ክር ይበጠሳል፣ ወይ የቸርኬው ከንፈር ይታጠፋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሆናሉ። ከጎማው ጎን ላይ እንደ እንቁላል አብጦ የምናየው ነገር የተበጠሰው ክር ምልክት ነው። እብጠቱ እንደማይጠገን እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር እወዳለሁ፤ ያንን ጎማ ይዞ የዓባይን ቁልቁለት መውረድ በሕይወት መቀለድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚጨመቅበት ቦታ ምን ያህል ነው?» የሚለው ነው። መልሱ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። 195/65 ባለ 15 ኢንች የሚል ጎማ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 65 በመቶ፣ ማለትም 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 225/40 ባለ 18 ኢንች የሚለው ደግሞ 90 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱ አጠቃላይ ቁመት ከ634 እስከ 637 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሩቅ ሲታዩ እኩል ናቸው፤ በሁለተኛው ግን ብረቱ ወደ ውጭ ቀርቦ የላስቲኩን ቦታ ወስዷል። ከቁመቱ ላይ 17 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሆነውን የቸርኬ ከንፈር፣ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የላስቲክ ውፍረት ብንቀንስ፣ ለመጨመቅ የሚቀረው በመጀመሪያው 90፣ በሁለተኛው 53 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማውን እንደ ሞላ ብንቆጥረው የሚይዘው ጉልበት በተጨመቀበት ርቀት ካሬ ስለሚያድግ፣ በእኩል ጥንካሬ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ጥቂት የቀረው ጉልበት ይቀበላል። አጭሩ ጎማ በተፈጥሮው ጠንከር ስለሚል ልዩነቱ በእውነቱ ዓለም ትንሽ ይጠባል፤ ነገር ግን ያ ጥንካሬ ራሱ ምቱን ሳያለዝብ ወደ ቸርኬው ያስተላልፋል። በዚህ ስሌት መሠረት፣ ጎኑ 124 ሚሊ ሜትር የሆነ 155/80 ባለ 13 ኢንች ጎማ የተጫማች አሮጌ ቪትዝ፣ በቢቸና መንገድ ላይ ብዙ ዋጋ ከወጣበት ባለ ቀጭን ጎማ አውቶሞቢል የተሻለ ትጥቅ አላት።

እዚህ ላይ ጥቂት ታሪክ ይጠቅመናል። አየር የሞላውን ጎማ ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 በባለቤትነት መብት አስመዝግቦት ነበር፤ ለፈረስ ሠረገላ ነበር ያሰበው፤ ሐሳቡ ግን ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንደ አዲስ ሠራው። የደንሎፕ ፍላጎት ምቾት ነበር፤ ቸርኬን ማዳን እንደ ተጨማሪ ጥቅም የመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ሲቀበሉ በዓለም ላይ የነበረው ጎማ እጅግ ደካማ ስለነበር የመንገድ ሁሉ ስንቅ መለዋወጫ ጎማ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ራዲያል የሚባለውን አሠራር ካስመዘገበ በኋላ ነው።

የራዲያል ጎማን አካል ከውስጥ ወደ ውጭ እንየው። ከሁሉ ሥር፣ ቸርኬውን በሚጨብጠው ጠርዝ ውስጥ፣ የተገመደ የብረት ሽቦ ቀለበት አለ፤ ይህ ቀለበት አይለጠጥም፤ ሥራውም ጎማውን ከቸርኬው ጋር ማሰር ነው። ከእርሱ በላይ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ጠንካራ ላስቲክ ወደ ጎኑ ይወጣል፤ ጎኑ በቸርኬው ከንፈር ላይ በድንገት እንዳይታጠፍ ቀስ በቀስ ያለዝበዋል። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚሻገረው የክር ንጣፍ ነው፤ በትንንሽ መኪናዎች ፖሊስተር፣ በከባድ መኪናዎች ብረት ነው። ከጥርሱ ሥር ደግሞ ጎማውን ዙሪያውን የሚያጠብቁ የብረት መቀነቶች አሉ። መቀነቱ ጥርሱን ያደነድናል፤ ጎኑ ግን ለብቻው እንዲተጣጠፍ ይተወዋል። ቸርኬን ከምት የሚያድነው ይህ መተጣጠፍ ነው፤ ጎኑን ለስለታም ድንጋይ የሚያጋልጠውም ይኸው ነው። በቀድሞው አሠራር ክሮቹ በአግድም እየተጠላለፉ ከጎን እስከ ጎን ስለሚነጠፉ ጎኑ ወፍራምና ግትር ነው። በጠጠር መንገድ ጭነት የሚያመላልሱ ሹፌሮች አሮጌውን ዓይነት የሚመርጡት ባለማወቅ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ሹፌሮቹ ከሁለት ጉዳቶች የትኛውን በሜዳ ላይ መጠገን እንደሚቀል አስበው መርጠዋል። በረባሶ የሚሠሩትም ይህን ልዩነት ከመሐንዲሱ ባላነሰ ያውቁታል፤ የክር ንጣፉ በቢላዋ ይታዘዛል፣ የብረት መቀነቱ ግን ቢላዋውን ያበላሻል።

ቸርኬን ለመጠበቅ ተብሎ በተለይ የተሠራ አንድ ነገርም አለ። በአንዳንድ ጎማዎች ጎን ላይ፣ ከቸርኬው ከንፈር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ የላስቲክ ጠርዝ ዙሪያውን ይሄዳል። አንዳንድ ፋብሪካዎች «ኤፍ አር»፣ ሌሎች «ኤም ኤፍ ኤስ» ብለው ምልክት ያደርጉበታል። ሹፌሩ መኪናውን ሲያቆም ከእግረኛ መንገድ ድንጋይ ጋር ቢታከክ የሚፋቀው ላስቲኩ እንጂ የአሉሚኒየሙ ቀለም አይሆንም። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ለጉድጓድ ምንም አይፈይድም። ሻጮች «ቸርኬ ጠባቂ ያለው» ሲሉ ገዢው ከሁሉ ጉዳት የተጠበቀ ይመስለዋል፤ የተጠበቀው ከመታከክ ብቻ ነው። ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ወጥሮ ማሰር የሚባለው ፋሽን ደግሞ ይህን ትንሽ ጥበቃ እንኳ ያስቀረዋል፤ ከንፈሩ ከላስቲኩ ውጭ ራቁቱን ይቀራል።

አየር ሲያልቅ እንኳ ቸርኬው መሬት እንዳይነካ ጎናቸው በወፍራም ላስቲክ የተደገፈ ጎማዎችም አሉ። ብዙዎቹ ያለ አየር በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በጨለማ ለሚሄድ ሰው ይህ የሚያጓጓ ይመስላል። ሆኖም ያ ግትር ጎን አየር ባለ ጊዜም ግትር ነው፤ ስለዚህ የጉድጓዱን ምት ከመደበኛው ጎማ ይልቅ አብዝቶ ለቸርኬው ያስረክባል። በአንድ አደጋ የሚጠብቀን አሠራር በሌላው ያጋልጠናልና፣ ምርጫው መንገዱን በማወቅ ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት።

ስለ ቸርኬው ራሱም ጥቂት ልበል። ተራ የብረት ቸርኬ ሲመታ ይታጠፋል፤ ጎሚስታው በመዶሻ ያቀናዋል። በቅልጥ የተሠራ አሉሚኒየም ግን መታጠፍን እስከ ጥቂት ብቻ ይታገሣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን በብየዳ መድፈን እየተለመደ መጥቷል። ተማሪዎቼ እንደምታውቁት የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከፋብሪካ በሚደረግለት የሙቀት ሕክምና ነው። የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ያንን ሕክምና ይሽረዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ስንጥቅ የሚመጣው ከብየዳው አጠገብ ነው። ለአሉሚኒየም ቸርኬዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ማለትም አይ ኤስ ኦ 7141፣ ቸርኬውን የሚፈትነው በ13 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ከ230 ሚሊ ሜትር ከፍታ ክብደት በመጣል ነው። የክብደቱ መጠን ቸርኬው እንዲሸከም ከተፈቀደለት ጭነት 60 በመቶው ላይ 180 ኪሎ ግራም ተጨምሮ ይገኛል። ለ450 ኪሎ ግራም የተሠራ ቸርኬ እንግዲህ 450 ኪሎ ግራም ይወድቅበታል፤ ጉልበቱ 1000 ጁል ገደማ ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ግን ፈተናው የሚደረገው ጎማው ታስሮ፣ አየር ተሞልቶ መሆኑ ነው። ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ቸርኬን ያለ ጎማው አልፈረዱትም። እኛ የጎማውን ዓይነት ስንቀይር፣ አየሩን ስናጎድል፣ ያ ቸርኬ ያለፈበትን ፈተና ሽረነዋል ማለት ነው።

ይህ ወደ አየሩ ያመጣኛል። የተሽከርካሪውን ክብደት በአብዛኛው የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ ያለው አየር ነው። የአየሩ ግፊት በሩብ ቢጎድል የጎማው መቋቋምም ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይጎድላል፤ ያው ጉድጓድ ከንፈሩን ለማግኘት የሚያስፈልገው ጉልበት ያን ያህል ያንሳል። ከመጠን በላይ መሙላትም መድኃኒት አይደለም፤ ጎማው እንደ ድንጋይ ይደርቅና ምቱን ያስተላልፋል፣ ጥርሱም በስለታም ድንጋይ በቀላሉ ይቆረጣል።

«ደጋ ላይ ስንወጣ አየር እናስቀንስ ወይ?» የሚል ጥያቄ ከሹፌሮችም ከተማሪዎችም ይነሣል። ጂቡቲ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት 220 ኪሎ ፓስካል የተሞላ ጎማ ቢቸና ላይ በ15 ዲግሪ ቢለካ ስንት ያሳያል? የውጭው አየር ግፊት ከ101 ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሚወርድ መለኪያው ከፍ እንዲል ይገፋዋል፤ የሙቀቱ መቀነስ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 225 ያህል ይሆናል። በአጋጣሚ ከፍታውና ቅዝቃዜው ይካካሳሉ ማለት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ለውጥ ግን ችላ አይባልም፤ የሞጣ ጠዋትና ቀትር በ10 ዲግሪ ቢለያዩ ልዩነቱ 10 ኪሎ ፓስካል ነው። ጎማ በቀዝቃዛው ጠዋት፣ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይለካ የሚባለው ስለዚህ ነው። ጎማን በብረት መትቶ ድምፁን ማዳመጥ ጨርሶ የተነፈሰውን ለመለየት ይበቃል፤ ሩብ የጎደለውን ለመለየት ግን ጆሮ አይበቃም።

የዓባይ በረሃ የተለየ ጉዳይ ነው። ወደ ሸለቆው የሚደረገው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር እጅግ የሚበልጥ ነው፤ 1400 ሜትር እንውሰድ። 8 ቶን የሚመዝን አይሱዙ ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 110 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ከ300 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሹፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ካልያዘው አብዛኛው በፍሬኑ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ከፍሬኑ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ጠርዝ ይሄዳል። እስካሁን ጎማ ቸርኬን ሲጠብቅ አየን፤ እዚህ ግን ቸርኬው ጎማውን ያቃጥላል። ደጀን ከደረሱ በኋላ የሚፈነዳ ጎማ ምክንያቱ በአስፋልቱ ላይ ያለ ሚስማር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በፊት የተያዘ ፍሬን ሊሆን ይችላል።

ከጎሚስታ ቤት ጋር የተያያዙ ሁለት ልማዶች ያሳስቡኛል። የመጀመሪያው የታጠፈ ቸርኬ አየር እያሾለከ ሲያስቸግር፣ ያለ ውስጥ ጎማ እንዲሠራ በታቀደ ጎማ ውስጥ የውስጥ ጎማ ከትቶ ችግሩን መሸፈን ነው። የውስጥ ጎማው ከውጭው ጋር እየተፋተገ ይሞቃል። ደግሞም ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራው ጎማ ሚስማር ሲወጋው ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ የውስጥ ጎማ የገባበት ግን ሲበሳ አየሩ በመንፊያው ቀዳዳ በኩል በአንድ ጊዜ ይወጣል። ለሹፌሩ የማቆሚያ ጊዜ ይሰጥ የነበረውን ጥቅም አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው። ሁለተኛው የሚመለከተው ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ የሚገጠመውን፣ በቀለበት የሚቆለፈውን የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። የዛገ ወይም በመዶሻ የተጣመመ ቀለበት አየር ሲሞላ ሊፈናጠር ይችላል፤ ሲፈናጠርም ይገድላል። በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብቶ ወይም ቢያንስ በሰንሰለት አስሮ፣ ከፊቱ ሳይቆሙ መሙላት የሚቻል ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ ከቸርኬው በፊት መጠበቅ ያለባቸው እነርሱ ናቸው።

የሕዝብ ማመላለሻው ጉዳይ ከጭነት ጋር የተያያዘ ነው። በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የጭነት መጠን መለያ ነው፤ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም፣ 106 ማለት 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ለሚኒባስ የተሠራው ጎማ «ሲ» ወይም «ኤል ቲ» የሚል ምልክት አለው፤ ጎኑም በተጨማሪ ንጣፍ የተደገፈ ነው። መልኩና መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ የቤት አውቶሞቢል ጎማ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ለሚኒባስ ሲታሰር፣ ተሳፋሪው ተደራርቦ ሲጫን፣ ከላይ ደግሞ ጤፍ ሲጨመር፣ ጎማው ጉድጓድ ሳያገኘው ገና በቆመበት ግማሽ መንገድ ተጨምቋል። ቀሪው ቦታ ትንሽ ነው።

አዲሱ ጥያቄ ከኤሌክትሪክ መኪናዎች ጋር መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዳችን ላይ የሚታየው መንኰራኵር እየተለወጠ ነው። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ ወደ 2 ቶን ይጠጋሉ ወይም ያልፋሉ፤ ቸርኬያቸውም 19 እና 20 ኢንች እየደረሰ ነው። 235/50 ባለ 20 ኢንች ጎማ የጎኑ ቁመት 118 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ማለትም 1 ቶን ካልሞላችው ቪትዝ ጎማ ያንሳል፤ የሚሸከመው ክብደት ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ይህን የምለው መኪናውን ለመንቀፍ አይደለም። የሚሸጡት ድርጅቶች አብዛኞቹን ሞዴሎች በትንሽ ቸርኬና በረጅም ጎማ ማቅረብ የሚችሉ ይመስለኛል፤ ገዢው ካልጠየቀ ግን አያቀርቡም። በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ያማረው ቸርኬ ከደጀን ወዲህ ሲመጣ ባለቤቱን ምን ያህል እንደሚያስወጣ መጠየቅ ያለበት ከመግዛቱ በፊት ነው፤ ምክንያቱም የተሰነጠቀ የ20 ኢንች ቸርኬ በሞጣ ገበያ ተፈልጎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

ለዚህ ፋኩልቲ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ርእስ ሲፈልጉ አያለሁ። በቢቸናና በሞጣ ጎሚስታዎች ዘንድ ለአንድ ክረምትና ለአንድ በጋ ተቀምጦ የሚመጣውን እያንዳንዱን ቸርኬ መመዝገብ ይቻላል። ከንፈሩ የታጠፈው በውስጥ በኩል ነው ወይስ በውጭ? ብረት ነው ወይስ አሉሚኒየም? የጎማው የጎን ቁመት ስንት ነው? ሲመጣ የሌሎቹ ሦስት ጎማዎች አየር ስንት ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ የተጎዳው ጎማ አየሩን ስላፈሰሰ አይናገርም፣ ያልተጎዱት ሦስቱ ግን ሹፌሩ ምን ያህል አየር ይዞ እንደተነሣ ይመሰክራሉ። የሚያስፈልገው መለኪያ፣ ማስመሪያና ደብተር ነው፤ ጎሚስታውም እንደ ረዳት ሳይሆን እንደ አስተማሪ ይቆጠር።

ከመድረኩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የተቆረጡ ጎማዎች፣ አንድ የታጠፈ የብረት ቸርኬና አንድ የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቸርኬ አስቀምጫለሁ። ጥያቄዎቻችሁን እየተቀበልሁ ሳለ ቀርባችሁ በእጃችሁ ልትዳስሷቸው ትችላላችሁ፤ የሽቦው ጫፍ ስለሚወጋ ብቻ ተጠንቀቁ።